የእርባታ ሽልማት ነጥብ ለምን ይሰጥ? ለዓሣው ዋጋ፣ ለጫጩቱ ብዛት ወይስ ለሥራው?

ጥያቄ፦ ካዛንቺስና አራት ኪሎ አካባቢ የምንኖር የአኳሪየም አፍቃሪዎች ትንሽ ክለብ አለን። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቤቱ ዓሣ ላራባ አባል ሽልማት እንሰጣለን። አምና ያሸነፈው ብዙ ጫጩት ያመጣ አባል ነው፣ ሁሉም ለማራባት ቀላል የሆነው ዓሣ ጉፒ ነበሩ። ለማራባት የሚያስቸግረውን ዲስከስ የተባለ ዓሣ ያራባው አባላችን ባዶ እጁን ቀረ፣ አሁን ስብሰባም አይመጣም። የውጭ ክለቦችን የነጥብ ሠንጠረዥ አግኝተናል፣ እንዳለ ልንወስደው አስበናል። ይሄ ፍትሐዊ ይሆናል? ካልሆነስ ምን እናድርግ?

መልስ፦ እንዳለ አትውሰዱት። ሐሳቡን ውሰዱ፣ ቁጥሩን ግን እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ቁጭ ብላችሁ አውጡት።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። የአሜሪካ ክለቦች ለረጅም ዓመታት ሠርተውበታል። ዓሦችን እንደ እርባታቸው ክብደት በ5፣ በ10፣ በ15 እና በ20 ነጥብ ይመድባሉ። አንድ ሰው ለአንድ ዝርያ ነጥብ የሚያገኘው አንዴ ብቻ ነው። ጫጩቶቹ ደግሞ እንደየክለቡ ደንብ 30 ወይም 60 ቀን መቆየት አለባቸው። የእናንተ የአምናው ችግር በዚህ ብቻ ግማሹ ይፈታል፤ ጉፒ አንድ ጊዜ ካስመዘገበ በኋላ ሰውየው ሺህ ጉፒ ቢያመጣም ተጨማሪ ነጥብ የለውም። ሌላ ነጥብ ከፈለገ ሌላ ዓሣ ማራባት አለበት።

ቁጥሩ ላይ ስንመጣ ግን ነገሩ ይለያል። ያ ሠንጠረዥ የተሠራው ክረምት ላይ ቤቱ ለሚሞቅ፣ መብራት ለማይጠፋበት፣ የጫጩት ምግብ ከሱቅ በቀላሉ ለሚገዛ ሰው ነው። እኛ የምንኖረው ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሳሎናችን ውስጥ ያለ ሂተር የሌለው ውሃ ከ20 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ስለዚህ እዚያ ቀላል የተባለ ዓሣ እዚህ ይከብዳል፤ እዚያ የከበደም እዚህ የሚቀልበት ጊዜ አለ።

ቤታ የተባለውን ዓሣ እንውሰድ። የውጭ ሠንጠረዦች ብዙ ጊዜ መካከለኛ ቦታ ይሰጡታል። ወንዱ የአረፋ ጎጆ ይሠራል፣ እንቁላሉን ይጠብቃል፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይፈለፈላል፤ እስከዚህ ድረስ ከባድ አይደለም። ጭንቁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የቤታ ጫጩት ከተፈለፈለ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ከውሃው በላይ ያለውን አየር መተንፈስ ይጀምራል፣ የሚተነፍስበት አካልም ያኔ እየተሠራ ነው። ያ አየር ሞቃትና እርጥበት ያለው መሆን አለበት። የእኛ የሌሊት አየር ደግሞ ቀዝቃዛና ደረቅ ነው። ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ ውሃው 27 ዲግሪ ሆኖ እንኳ ጫጩት ያልቃል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ቤታ ለ60 ቀን ያሳደገ ሰው 10 ሳይሆን 15 ይገባዋል እላለሁ።

ኮሪዶራስ የተባለው ዓሣ በተቃራኒው ነው። ብዙዎቹ ኮሪዶራሶች ዝናብ የመጣ ሲመስላቸው እንቁላል ይጥላሉ፤ አርቢው ማድረግ ያለበት ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ብዛት ያለው ውሃ መቀየር ነው። ያንን ቀዝቃዛ ውሃ እኛ ከቧንቧ እናገኘዋለን፤ ክሎሪኑን ማስወገድ ብቻ ነው የሚቀረን። ዜብራ ዳኒዮም ቅዝቃዜ ይችላል። ጎልድ ፊሽ ደግሞ ቀዝቃዛው ወቅት አልፎ ውሃው ሲሞቅ የሚራባ ዓሣ ስለሆነ የእኛን አየር ይወደዋል፤ ችግሩ ቦታ ነው፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትልቅ ገንዳ ማን አለው?

ዲስከስ ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም። 28 እና 29 ዲግሪ ይፈልጋል። የክፍሉ ሙቀት 18 በሆነበት ሌሊት ሂተሩ ውሃውን ከ10 ዲግሪ በላይ ከፍ አድርጎ መያዝ አለበት ማለት ነው። ወላጆቹ እንቁላላቸውን የመብላት ልማድ አላቸው። ጫጩቶቹ ደግሞ መጀመሪያ የሚመገቡት ከወላጆቻቸው ቆዳ ላይ የሚወጣውን ዝልግልግ ነገር ስለሆነ ከወላጆቹ ለይቶ ማሳደግ በጣም ከባድ ነው። ይሄ 20 ነው። አባላችሁ ቢያኮርፍ አልፈርድበትም።

ልብ በሉ፣ 20 የሰጠሁት ዲስከስ ውድ ስለሆነ አይደለም። ይሄን ደጋግሜ የምለው ክለቦች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ዋጋ የሥራ መለኪያ አይደለም። ተጣምሮ የተሸጠ ውድ ዓሣ ገዝቶ ማስጣል ገንዘብ ላለው ይቀላል። ነጥቡ የሚከፈለው አርቢው ለሠራው ሥራ ነው፦ ጥንዱን አግኝቶ ለማላመድ፣ ለመጣል የሚመቻቸውን ሁኔታ ለማዘጋጀት፣ እንቁላሉን ከሻጋታ ለማዳን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጫጩቱን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ለመመገብ። እያንዳንዱን ዝርያ ስትመድቡ እነዚህን አራት ነገሮች ጠይቁ። አንዱም ካላስቸገረ 5 ነው። አንዱ ካስቸገረ 10፣ ሁለቱ 15፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆን 20። በዚህ መንገድ አባላት ራሳቸው ቁጭ ብለው ሊስማሙበት የሚችሉት ነገር ይሆናል፣ ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይሆንም።

አሁን ጉፒ። ጉፒ፣ ሞሊ፣ ፕላቲና ስዎርድቴይል ጫጩት የሚወልዱ ዓሦች ናቸው፣ እንቁላል አይጥሉም። 5 ነጥብ ይበቃቸዋል። ግን አንድ ቀዳዳ አለ፣ እሱን ዝጉት። ሴቷ ጉፒ የወንዱን ዘር ለወራት በሆዷ ታቆያለች። ከሱቅ ያረገዘች ገዝቶ ቤቱ ስለወለደች ብቻ አራባሁ የሚል ሰው ምንም አልሠራም፤ ሱቁ ውስጥ የተጀመረ ነገር ነው ቤቱ ያለቀው። ስለዚህ ለእነዚህ ዓሦች የሚቆጠረው ሁለተኛው ትውልድ ይሁን። አባሉ ቤቱ የተወለዱትን ጫጩቶች ያሳድግ፣ ፆታቸው ሲለይ ወንድና ሴቱን ቶሎ ይለያይ፣ መርጦ ያገናኝ፣ ከእነሱ የተወለዱት 60 ቀን ይቆዩ። ይሄ እውነተኛ እርባታ ነው፤ ጉፒ የሚወዱ አባሎቻችሁንም ያከብራቸዋል። ፕላቲና ስዎርድቴይል እርስ በርስ ስለሚዳቀሉ በሱቅ ያሉት አብዛኞቹ ድብልቅ ናቸው። ሁለቱን እንደ አንድ ምድብ ቁጠሯቸውና ክርክሩን ቅጩ። ሆን ተብሎ ለተዳቀለ ዓሣ፣ እንደ ፍላወርሆርን ላለው፣ ነጥብ ባትሰጡ ይሻላል። ቀለም ለተወጋ ዓሣም ጭራሽ አትስጡ።

ብዛት ላይ ጠንካራ ሁኑ። ጣሪያ ሳይሆን ወለል አውጡ። 60ኛው ቀን ላይ አሥር ጤነኛ ጫጩት ካለ በቂ ነው፣ ትንሽ ለሚጥሉት፣ ለምሳሌ እንቁላላቸውን በአፋቸው ለሚያቅፉት፣ አምስት ይበቃል። ከዚያ በላይ ለመጣው ምንም ተጨማሪ ነጥብ የለም። ምክንያቱ ፍትሕ ብቻ አይደለም፤ ዓሦቹም ናቸው። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይቀንሳል። በባሕር ወለል ላይ 25 ዲግሪ ያለው ውሃ በሊትር 8.3 ሚሊግራም ያህል ይይዛል፤ እኛ ከፍታ ላይ ግን 6.2 አካባቢ ነው። ሩብ ያህል ጠፍቷል ማለት ነው። በብዛት የሚሸልም ክለብ አባላቱን አንድ ታንክ ውስጥ ሁለት መቶ ጫጩት እንዲያጭቁ እየገፋፋቸው ነው፤ መብራት ጠፍቶ የአየር ፓምፑ የቆመ ሌሊት ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ።

ስለ መብራት ካነሳሁ አይቀር፣ ይሄ የፍትሕ ጥያቄ ዋናው ነው ብዬ አምናለሁ። አንዱ አባል ኢንቨርተር አለው፣ ሌላው የለውም። የሁለቱም ኤንጅል ፊሽ በአንድ ሳምንት ጣሉ እንበል። በ40ኛው ቀን መብራት ለአሥር ሰዓት ጠፋ፣ የአንዱ ተረፈ፣ የሌላው አለቀ። ሁለተኛው ምንም አልሠራም ልንል ነው? እንቁላሉ በሦስት ቀን ገደማ ተፈልፍሏል፣ ከሳምንት በኋላ ጫጩቶቹ መዋኘት ጀምረዋል፣ ሰውየው አርቴሚያ የሚባለውን ለጫጩት ምግብ የሚሆን ደቃቅ የውሃ ፍጥረት እያስፈለፈለ በቀን ሦስቴ መግቧል። ታዲያ ነጥቡን ክፈሉት። 10 እና ከዚያ በላይ ያላቸው ዓሦች ላይ ሲሶው ጫጩቱ በራሱ መዋኘት ሲጀምር ይሰጥ፣ የቀረው በ60ኛው ቀን። ይሄኛው ከይቅርታ ደብዳቤ ይሻላል። «መብራት ጠፍቶብኝ ነው» እያለ ማንም ኮሚቴ ፊት መለመን የለበትም፣ ኮሚቴውም የማንን ምክንያት አምኖ የማንን እንደሚጥል አይጨነቅም። ሁለተኛ ጊዜ ሞክሮ ሲሳካለት የቀረውን ይወስዳል።

ውሃውም እኩል አይደለም። ከተማችን ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የወንዝና የዝናብ ውሃ ታገኛለች፣ ከአቃቂ በኩል ደግሞ የጉድጓድ ውሃ። የግድቡ ውሃ ለስለስ ያለ ነው፣ የጉድጓዱ ማዕድን ይበዛበታል። ለኒዮን ቴትራ ለስላሳው ይመቻል፤ ለሞሊና ለማላዊ ሐይቅ ዓሦች ደግሞ ማዕድን የበዛበት። መሃል ከተማ ያለ ሰው አንዳንዴ ከየት እንደመጣለት ራሱ አያውቅም፤ በፈረቃ ሲመጣ ሮቶ ሙሉ አጠራቅሞ ነው የሚጠቀመው። ይሄንን በየቤቱ ነጥብ ለማካካስ አትሞክሩ፣ አያልቅም። ይልቅ እያንዳንዱ አመልካች የውሃውን ሙቀት፣ ፒኤች (የአሲድነቱን መጠን) እና የማዕድን መጠን እንዲጽፍ ጠይቁ። መለኪያ የሌለው ከክለቡ ይዋስ፤ አንድ መለኪያ ለሁላችሁም ይበቃል። ከአንድ ዓመት በኋላ የትኛው ዓሣ በየትኛው ውሃ እንደተሳካ በእጃችሁ ይኖራል፤ ያኔ ሠንጠረዡን በግምት ሳይሆን በራሳችሁ መዝገብ ታስተካክላላችሁ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ይከለስ፤ በዓመቱ መሃል ግን ማንም ቁጥር አይንካ። ውድድሩም ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ይሁን፣ ብርዱም ሙቀቱም ለሁሉም እኩል እንዲደርስ።

ማስረጃ ላይ ሰው ሁሉ ይጣላል። መተማመን ብቻውን አይበቃም፣ ቤት ለቤት መፈተሽም ያስጠላል። እኔ የምመክረው ይሄ ነው። አባሉ ዓሦቹ እንደጣሉ ወይም እንደወለዱ በዚያው ሳምንት ለጸሐፊው በስልክ ያሳውቃል፤ ጸሐፊው አንድ ቃል ይልክለታል፣ «ዶሮ ማነቂያ» ሊሆን ይችላል፣ «እንጦጦ» ሊሆን ይችላል። አባሉ ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፎ ከታንኩ መስታወት ጋር ለጥፎ ቪዲዮ ይቀርጻል። በ60ኛው ቀን ሌላ ቃል፣ ሌላ ቪዲዮ። ከኢንተርኔት የተወሰደ ምስል ይሄን አያልፍም። 15 እና 20 ለሆኑት ዓሦች ብቻ ሁለት አባላት ቤቱ ሄደው ይዩ፤ አንዱ ባለቤቱ የሚመርጠው፣ ሌላው በዕጣ የወጣ። ጫጩቱን በላስቲክ አድርጎ ታክሲ ተሳፍሮ ስብሰባ እንዲያመጣ ግን አታስገድዱት። ጠዋት በብርድ፣ ሜክሲኮ ላይ ሰልፍ ይዞ፣ የ60 ቀን የዲስከስ ጫጩት ውሃው እየቀዘቀዘበት... ይሄን ለማስረጃ ብላችሁ አታድርጉት።

ዳኞቹ ሦስት ይሁኑ፣ በየዓመቱ አንዱ ይቀየር። ዳኛ የሆነ ሰው የራሱ ዓሣ ሲታይ ይውጣ፣ ነጥቡን ሌሎቹ ሁለቱና አንድ ተተኪ ይስጡት። ዓሣ የሚሸጡ አባላት ካሏችሁ፣ እንደሚኖሩ እገምታለሁ፣ ለብቻቸው ይወዳደሩ እንጂ አይገለሉ። ብዙ ታንክና ብዙ ጥንድ ያለው ነጋዴ ከአንድ ባለ 60 ሊትር ታንክ ተማሪ ጋር በአንድ መስመር ከቆመ ውጤቱ ቀድሞ ታውቋል።

ሌላው ከነጥብ በላይ የሚያስተካክለው ነገር አለ፦ ምግብ። አብዛኛው ጫጩት የሚሞተው በረሃብ ነው፣ በበሽታ አይደለም። አዲስ የተፈለፈለ ጫጩት አፉ ጠባብ ነው፤ ደቅቆ የተፈጨ ምግብ እንኳ አይገባለትም። የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል የምትሰጡ አላችሁ፣ ይሠራል፣ ግን ትንሽ ከበዛ ውሃውን በአንድ ሌሊት ያበላሸዋል። የአርቴሚያ እንቁላል ከውጭ ስለሚመጣ ዋጋው አይቀመስም። ክለቡ ከመዋጮው አንድ ቆርቆሮ ይግዛና ዓሣው ለጣለለት አባል በማንኪያ ይስፈርለት። ማይክሮዎርም የሚባለው ደቃቅ ትል ደግሞ በአጃ ገንፎ ላይ በአንድ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይራባል፤ አንድ አባል ካለው ለሁሉም ማካፈል ይችላል። ለሽልማት ገንዘብ አትስጡ፤ በዚያው ብር ይሄን ግዙ። ለአሸናፊው ጥሩ ሂተር ወይም ስፖንጅ ፊልተር ይበቃዋል።

ነጥብ ከመጽደቁ በፊት አባሉ ሁለት ነገር ለክለቡ ይስጥ። አንደኛው አንድ ገጽ ጽሑፍ፦ ምን አደረገ፣ ምን መገበ፣ ምን አልሠራ አለው። መጻፍ የማይወድ በድምፅ ይላክ፣ ሌላው ይገለብጥለታል። ሁለተኛው ስድስት ጫጩት ለሌላ አባል። ይሄ ግዴታ ይሁን፣ ምርጫ አይሁን። የአንድ ሰው ታንክ ላይ ብቻ ያለ ዝርያ ሂተሩ የተበላሸ ቀን ከከተማው ይጠፋል። በክለቡ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተራባ ዝርያ ከሆነ 5 ጨምሩለት፤ ለቀጣዩ ሰው መንገዱን የከፈተው እሱ ነው።

በተፈጥሮ እየጠፉ ላሉ ዝርያዎችም ጭማሪ ቢኖር ደስ ይለኛል። በሜክሲኮ አገር ቴኪላ ስፕሊትፊን የምትባል ትንሽ ዓሣ ከመኖሪያ ወንዟ ጠፍታ ነበር። በአኳሪየም ውስጥ ተጠብቆ የቆየው ዘር በ1998 እ.ኤ.አ. እዚያው አገር ወዳለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ተላከ፣ እዚያ ተራብቶ በኋላ ወደ ወንዙ ተመለሰ። ሲክሊድ የሚባሉት የቪክቶሪያ ሐይቅ ዓሦችም እንዲሁ፤ ናይል ፐርች የሚባለው ትልቅ አዳኝ ዓሣ በ1950ዎቹ ከገባ በኋላ ብዙዎቹ ከሐይቁ ሲጠፉ አንዳንዶቹ የተረፉት አርቢዎችና የእንስሳት ማቆያዎች ስለያዟቸው ነው። ቤት ውስጥ ዓሣ ማራባት እዚህ ድረስ ይደርሳል። ነገር ግን ለነጥብ ብሎ ማንም ሰው ከጣና ወይም ከደጋ ወንዞቻችን የአገር ዓሣ አያምጣ። ፈቃድ በወረቀት ካላቀረበ አትመዝግቡለት። የተረፈ ጫጩት ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ የለቀቀ አባል ደግሞ የዓመቱ ነጥቡ ይሰረዝ። እዚህ ላይ ርኅራኄ አያስፈልግም።

አምና ስለሆነው ጉዳይ፣ የተሰጠውን ሽልማት አትንጠቁ። ሰውየው በነበረው ደንብ ነው ያሸነፈው። አምና በእርባታ የተገኙትን ሁሉ ግን በአዲሱ ሠንጠረዥ መዝግቧቸው፣ ለዓመቱ ውድድር ሳይሆን ለእያንዳንዱ አባል የዕድሜ ልክ መዝገብ። ሁለት መዝገብ ይኑራችሁ ማለቴ ነው፤ አንዱ በየመስከረሙ ከዜሮ የሚጀምር፣ አዲስ የገባውም ዕድል እንዲኖረው፣ ሌላው የማይሰረዝ። በማይሰረዘው ላይ 50 ነጥብ የሞላ «አርቢ»፣ 150 የሞላ «ዋና አርቢ» ይባል፣ ወይም እናንተ የመረጣችሁት ስም ይሰጠው። ጉፒ ያራባው 5 ይዞ ይጀምራል። የዲስከሱ አባላችሁ ጫጩቶቹ 60 ቀን ከሞላቸው 20፣ በክለቡ የመጀመሪያው ከሆነ 25 ይዞ ይጀምራል። ደብዳቤ አትጻፉለት፤ ሁለት ሰው ሆናችሁ ቤቱ ሂዱና ዓሦቹን እዩ፣ የውሃውን ሙቀት ጠይቁት፣ ሠንጠረዡን ስትመድቡም ከላይ ካሉት ዓሦች ጀምሮ እሱ ይምራችሁ። ረቂቁ ሲያልቅ ላኩልኝ፣ በተለይ ለቴትራዎቹ ስንት እንደሰጣችሁ ማየት እፈልጋለሁ።